የጺም መላጫ ብሩሽ ስንገዛ ጸጉሩ የምን እንደሆነ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጋዜጣችሁ የዘይትን፣ የስኳርንና የሲሚንቶን ገበያ እየተከታተለ ለሸማቹ ማሳወቁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በየማለዳው ከፊታችን ጋር የሚገናኝ አንድ ትንሽ ዕቃ እስካሁን የማንንም ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል፤ እርሱም የጺም መላጫ ብሩሽ ነው። በደብረ ማርቆስ ይሁን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ይሁን በዳንግላ፣ ይህ ብሩሽ በየሱቁ ከላሜታና ከመስታወት ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ገዢው ዋጋውን ጠይቆ ከመውሰድ በቀር ጸጉሩ የምን እንደሆነ የመጠየቅ ልማድ የለውም፤ ቢጠይቅም ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ኪስ የማይጎዳና ለዕለት ተዕለት የሚሆን ብሩሽ እንዴት እንደሚመረጥ የማውቀውን ለአንባቢያን ለማካፈል፣ አስመጪዎችና ባለሱቆችም የጸጉሩን ዓይነት በግልጽ እንዲነግሩን ለማሳሰብ ነው።

ጣት እያለ ብሩሽ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። የጺም ጸጉር ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ሲርስ ግን ውኃውን መጥጦ ይለሰልሳል፣ ምላጩም ሳይጎትት ይቆርጠዋል። የብሩሹ ሥራ ውኃንና ሳሙናን አዋሕዶ ወፍራም አረፋ ማውጣት፣ አረፋውን እስከ ጸጉሩ ሥር ማድረስ፣ ቆዳ ላይ የተኛውንም ጸጉር ቀና ማድረግ ነው። በጣት የተቀባ ሳሙና ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ምላጩ በደረቀው ቦታ ላይ ቆዳ ይዞ ይሄዳል። እንደ እኛ ጸጉሩ ለሚጠቀለል ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ከቆዳ በጣም ተጠግቶ የተላጨ ጸጉር ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባና አንገትና አገጭ ላይ እብጠት ያወጣል። ብሩሽ የዚህ መድኃኒት ነው አልልም። ዋናው ነገር ጸጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ መላጨት፣ ቆዳን ወጥሮ አለመያዝና አንዱን ቦታ ደጋግሞ አለመፋቅ ነው፤ ሆኖም በደንብ በራሰ ጺም ላይ ይህን ሁሉ ማድረግ ይቀላል። እብጠቱ የበረታበት ሰው መላጨቱን ለጊዜው ትቶ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ በዓለም ገበያ ላይ ያሉት ብሩሾች በአብዛኛው ከአራት ዓይነት ጸጉር የሚሠሩ ናቸው። ባጀር የሚባለው፣ በአውሮፓና በእስያ ጉድጓድ ምሶ የሚኖር የዱር እንስሳ፣ ጸጉሩ ውኃ በብዛት ስለሚይዝ በአዋቂዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። በርካሽ የሚሸጠው ባጀር ዝቅተኛው ደረጃ ስለሆነ ቆዳን ይቧጭራል፤ ስለዚህ ገንዘቡን መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ስሙን ብቻ አይቶ ባይገዛው ይመረጣል። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

በርካሾቹ ብሩሾች ላይ በብዛት የሚገኘው የአሳማ ጸጉር ነው። በሥራው ብቻ ከተመዘነ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ጠንካራ በመሆኑ ከደረቅ ሳሙና ላይ አረፋ ለማንሣት ይመቻል፤ ጫፉም እየዋለ እያደረ ስለሚሰነጠቅ ከጥቂት ሳምንታት አገልግሎት በኋላ ይለሰልሳል። ከመላጨቱ በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መቆየት አለበት። በእኛ አገር ነገሩ በዚህ አያበቃም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን አሳማ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ርኩስ ከተባሉት እንስሳት አንዱ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ያደገ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቱም በዚህ ጉዳይ ከእርሱ አይለይም። ሥጋውን መብላትና ጸጉሩን መንካት አንድ አይደለም ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል፤ ክርክሩን የቅኔና የመጻሕፍት ሊቃውንት ሞልተው በተረፉበት በጎጃም ምድር እኔ ልፈርደው አልደፍርም። የእኔ አቤቱታ ሰውየው ሊገዛውም ሊተወውም አውቆ ይሁን የሚል ነው። አሁን ባለው አሠራር ግን አያውቅም። በማሸጊያው ላይ በባዕድ ቋንቋ «ፒዩር ብሪስል» የሚል ጽሑፍ ካለ በንግዱ ዘንድ የአሳማ ጸጉር መሆኑን የሚያመለክት ነው፤ ይህንንም ከገዢዎች መካከል የሚረዳው ጥቂቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ባጀር እንዲመስል መካከሉ ላይ ጥቁር ቀለበት እየተቀለመ ይወጣል።

የፈረስ ጸጉር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአዊ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲወጡ የሚያይ ሰው የፈረስ ክብር በዚህ አካባቢ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። የማሲንቆው ክር የሚሠራው፣ ሽማግሌዎቻችን ዝንብ የሚከላከሉበትም ጭራ የሚታሰረው ከፈረስ ጸጉር ነው። ለብሩሽ የሚሆነው የጋማና የጅራት ጸጉር የሚገኘው እንስሳው ሳይገደል ተከርክሞ ሲሆን፣ በልስላሴው ከአሳማው ይሻላል፣ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም እንደ አሳማው ብዙ አይፈልግም። በእንጅባራ መንገድ ዳር ከቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩት ባለሙያዎች የቀርከሃ እጀታ አበጅተው የፈረስ ጸጉር ቢገጥሙበት የአገር ውስጥ ምርት ይወጣው ነበር የሚል ሐሳብ ለማንም ሊመጣ ይችላል።

ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ሳይነገር የማይታለፍ አደጋ አለበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባጀር ጸጉር በቀድሞው የንግድ መሥመር መምጣቱ ሲስተጓጎል በብሪታንያና በአሜሪካ ገበያ ላይ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፣ ባጀር እንዲመስል የተዘጋጀ፣ በሚገባ ያልጸዳ የፈረስ ጸጉር ያላቸው ርካሽ ብሩሾች በዙ። ብሩሾቹን የተጠቀሙ ወታደሮችና ሲቪሎች ፊታቸውና አንገታቸው ላይ በአባ ሰንጋ ተያዙ፤ የሞቱም ነበሩ። ጀርሙ ከጸጉሩ ጋር ተጉዞ ምላጭ በቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባ ነበር። ብሪታንያም በ1920 እ.ኤ.አ. ከጃፓን የሚመጡ የመላጫ ብሩሾች ወደ አገሯ እንዳይገቡ እስከ መከልከል ደረሰች። አባ ሰንጋ ምን እንደሆነ ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ፣ በዚህ በሽታ የሞተ ከብት ቆዳው እንደማይገፈፍ የእንስሳት ሐኪሞች ሁልጊዜ ይነግሩናል። ስለዚህ ከየት እንስሳ እንደተቆረጠ ያልታወቀ፣ በእንፋሎት ግፊት ወይም በሌላ የታወቀ ዘዴ ጀርሙ ያልተገደለ ጸጉር ለፊት ብሩሽ ሊውል አይገባም። የሚሠራ ሰው ቢነሣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በር መሆን አለበት። እስከዚያው ድረስ ስም በሌለው የፈረስ ጸጉር ብሩሽ ርካሽነት መማረክ ጥሩ አይመስለኝም።

በእኔ ግምት ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው አራተኛው፣ ሲንተቲክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ቀደም ባለው ዘመን የናይለን ብሩሽ ክሩ ወፍራምና ደረቅ፣ ውኃም የማይይዝ ስለነበር ስሙ ተበላሽቶ ቆይቷል። አሁን የሚወጡት ግን ክራቸው ቀጭን፣ ጫፋቸውም እየሾጠጠ የሚሄድ ስለሆነ ከብዙ የእንስሳት ጸጉር ይለሰልሳሉ። መዘፍዘፍ አያስፈልጋቸውም፤ ውኃ ነክቶ ወዲያው ሳሙናው ላይ ማዞር ነው፤ ጠዋት ቢሮ ወይም ክፍል ለሚቸኩል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእንስሳ ሽታ የላቸውም፣ የርኩስና የንጹሕ ጥያቄም አይነሣባቸውም፣ የአባ ሰንጋም ሥጋት የለባቸውም። ጉድለታቸውን አልደብቅም። እንደ ባጀር ውኃ አያጠራቅሙም፤ ስለዚህ አረፋው ሲወፍር ጫፉን ብቻ ውኃ እያስነኩ መቀጠል ያስፈልጋል። አንዳንዶቹም ክራቸው የመንጠር ጠባይ ስላለው በኃይል ያሸ ሰው አረፋውን መስታወቱ ላይ ይረጨዋል። እነዚህ ግን በጥቂት ቀን ልምድ የሚታረሙ ናቸው።

ሱቅ ውስጥ ቆመን ደህናውን ከማይረባው የምንለይበት መንገድ አለ። ጸጉሩን በመዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግ፣ ቀስ ብሎም በጣት መሳብ ነው። ከአዲስ ብሩሽ አንድ ሁለት ጸጉር መውደቁ የተለመደ ሲሆን እየተጠቀሙበት ሲሄዱ ይቆማል፤ በአንድ ጊዜ ጭብጥ ያህል ከተነቀለ ግን ሥሩን የያዘው ማጣበቂያ ደካማ ነውና ይቅር። ጸጉሩ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ክፍተት ካለ ውኃ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፣ ይሸታልም። ጫፉ ጉንጭ ላይ ሲነካ የሚወጋ ከሆነ አረፋ አይለውጠውም። የጸጉሩን ዓይነት ለማወቅ የሚያስችለው ግን እሳት ነው። የወደቀ አንድ ጸጉር አንሥቶ በክብሪት ማቃጠል ነው፤ የእንስሳ ከሆነ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸትና ሲነኩት የሚፈርስ ዐመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ደግሞ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ሻጩ ፈቅዶ በሱቁ ውስጥ ቢያስሞክር መልካም ነው፤ ባይፈቅድ ግን ቢያንስ ለምን እንዳልፈቀደ መጠየቅ የገዢ መብት ነው። ይህ ዘዴ እንስሳውን ከሰው ሠራሹ እንጂ አሳማውን ከፈረሱ እንደማይለይ ግን ልብ ይሏል።

ስለ መጠኑ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ጸጉሩ ሥሩ ላይ ሲለካ ከ20 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብሩሽ ለማንኛውም ፊት ይበቃል። ከዚያ የሚበልጠው ሳሙናም ውኃም ያባክናል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ቀድቶ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። እጀታው የፕላስቲክ ቢሆን አይናቅም፤ እንጨት ያምራል እንጂ ሁልጊዜ የሚርስ ከሆነ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። እርጥብና ሳሙና በነካው እጅ እንዳያመልጥ ወገቡ ላይ ገባ ያለው እጀታ ከለሙጡ ይሻላል። ውኃውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ሳሙናን አረፋ ይነሣዋል፣ ገዢውም ጥፋቱን በብሩሹ ላይ ያሳብባል። ከቆርቆሮ ጣሪያ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ግን አረፋ በማውጣት ተወዳዳሪ የለውም፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ ይህን ውኃ አይነፍገንም። ሳሙናው ለመላጫ የተዘጋጀ ደረቅ ሳሙና ወይም በቱቦ የሚሸጥ ክሬም ይሁን፤ የልብስ ሳሙና ቆዳን ያደርቃል፣ የገላ ሳሙናም አረፋው ቶሎ ይጠፋል። ከክሬሙ የባቄላ ፍሬ ያህል ለአንድ ጊዜ ይበቃል፤ ብሩሽ ወጪውን የሚመልሰውም በዚህ በኩል ነው።

ክረምቱ ውኃ ቢሰጠንም ለብሩሹ ዕድሜ ግን ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በደብረ ማርቆስ ብርድና ጉም ውስጥ የራሰ የእንስሳ ጸጉር ለማግሥቱ ሳይደርቅ ያድርና ሻጋታ ይይዘዋል። ሰው ሠራሹ ክር ቶሎ መድረቁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የትኛውም ይሁን፣ ከተላጩ በኋላ ሳሙናው እስኪለቅ በውኃ ማለቅለቅ፣ ውኃውን ማራገፍ፣ በፎጣ ቀስ ብሎ ማበስና አየር በሚነካው ቦታ ማቆም ወይም ቁልቁል መስቀል በቂ ነው። እርጥቡን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት ወይም ቶሎ ይድረቅ ብሎ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ሁለቱም ያበላሹታል። የፈላ ውኃም አይፈስበትም፤ ሥሩን የያዘውን ማጣበቂያ ያላላዋል፣ የእንስሳውንም ጸጉር ያደርቀዋል። ሐዘን ገብቶ ሰው ጺሙን በሚያሳድግበት ሰሞን ብሩሹ ለሳምንታት ሳይነካ ይቀመጣልና የእንስሳ ጸጉር ከሆነ ብል እንዳይበላው በደንብ ደርቆ መቀመጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሰው ሠራሹን ብል አይበላውም።

ከምርጫው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ በየጸጉር ቤቱ ያለው ብሩሽ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ ለዓመታት በተሰጠው ትምህርት ምክንያት ዛሬ ማንም ደንበኛ በሌላ ሰው ላሜታ አይላጭም፤ ባለሙያውም አዲሱን ምላጭ ከወረቀቱ የሚያወጣው ደንበኛው እያየ ነው። ያው ባለሙያ ግን ከጠዋት ጀምሮ የብዙ ሰው አንገትና አገጭ የነካውን አንድ ብሩሽ አንሥቶ አረፋ ሲቀባው ደንበኛው ምንም አይልም። ብሩሹ የጺም ጭርትንና ሌሎች የቆዳ በሽታዎችን ከሰው ወደ ሰው ሊያዛምት ይችላል። ምላጭ ቆዳ በቧጨረበት ቦታ ላይ ደግሞ ደም መንካቱ አይቀርም፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን የመበከል ኃይሉን ሳያጣ ይቆያል። ብሩሹን በውኃ አለቅልቆ መስቀል ይህን አያስወግድም፤ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑም እንደ መቀስ በአልኮል ተጠርጎ የሚጸዳ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ጸጉር ቤት የሚላጭ ሰው ላሜታውን እንደሚገዛ ሁሉ የራሱን ርካሽ ብሩሽ ይዞ ቢሄድ፣ ባለሙያውም ይህን እንደ ስድብ ባይቆጥረው እመኛለሁ። የአንዳንድ ጸጉር ቤት ባለቤቶች ለቋሚ ደንበኞቻቸው ስም የተጻፈበት ብሩሽ ለይተው ቢያስቀምጡላቸው ደግሞ የበለጠ ያስከብራቸዋል።

በመጨረሻም ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ልግባ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የአንድ ብሩሽ ዋናው ነገር ጸጉሩ ነው፤ እርሱ ሳይነገር የቀረ መረጃ በቂ ሊባል አይችልም። አስመጪው ከየት እንዳመጣውና ከምን እንደተሠራ የሚያሳይ ሰነድ በእጁ ስላለ በማሸጊያው ላይ «የአሳማ ጸጉር»፣ «የፈረስ ጸጉር» ወይም «ሰው ሠራሽ ክር» የሚል አንድ መሥመር የአማርኛ ጽሑፍ ለመለጠፍ ይህ ነው የሚባል ወጪ አይጠይቀውም። የዞንና የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች የሚዛን ቁጥጥር ለማድረግ በየሱቁ ሲዞሩ ይህንንም እግረ መንገዳቸውን ሊመለከቱት ይችላሉ። ዝግጅት ክፍላችሁ ደግሞ አስመጪዎችንና የንግድ ጽሕፈት ቤቶችን ጠይቆ የሚሰጡትን መልስ በዚሁ ዓምድ ቢያትምልን፣ ብሩሹን ገዝተው ጸጉሩ የምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚጠቀሙ ብዙ አንባቢዎች መልሱን በጉጉት ይጠብቃሉ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ